ከኩዌከር እስከ አጃ፦ አዳማ ላይ የተከፈተ አንድ ክር

በኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ላይ የተከፈተው ክር አርባ ምላሽ ካለፈ በኋላ ብዙ ሰው ከመሀል እየገባ ጉዳዩ ምንድን ነው ማለት ጀመረ። ወደ ላይ ወጥቶ የሚያነብ ጠፋ። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስከታተል ነበር። አንድ ቦታ ላይም እጄን አስገብቼ ተመትቻለሁ። ስለዚህ ላልደረሳችሁ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። ያልጣመኝንም አሳጥሬዋለሁ።

ክሩን የከፈተው አዳማ የሚኖር ወጣት የታሪክ መምህር ነው። የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፉን እየሠራ ነው። ርዕሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት፣ ኩዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖች የመሠረቱት አምቡላንስ ክፍል ወጣቶች ናቸው። ጠመንጃ አንይዝም ብለው፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ እዚህ መጥተው በየሆስፒታሉና በየክሊኒኩ የሠሩ ልጆች። በአገር ውስጥ ስለ ኩዌከሮች የሚያጠና የሚያውቀው ሰው በጣት ይቆጠራል ይላል። አንዱ ስለ ኬንያ ኩዌከሮች ይጽፋል፣ አንዷ ስለ ጦርነት ተቃዋሚዎች፣ ሌላው ስለ እርዳታ ሥራ ታሪክ። በኢሜይል ካልሆነ ተያይተው አያውቁም። እናም ስድስት ሆነው፣ አዳማ ላይ አንድ ግቢ ውስጥ ለአምስት ቀን አድረው፣ ጠዋት ጠዋት እየጻፉ፣ ከሰዓት አንዱ የሌላውን ረቂቅ እያነበበ የሚቆዩበት ነገር አስቧል። ጥያቄው ሁለት ነበር። ይህ ነገር ይጠቅማል ወይስ ቅንጦት ነው? ደግሞስ በአማርኛ ምን ብለን እንጥራው?

ሁለተኛውን ጥያቄ ባይጨምር ኖሮ ክሩ በአሥር ምላሽ ያልቅ ነበር።

1ኛው ምላሽ አበል አለው ወይ የሚል ነው። ሌላ ቃል የለውም። ሰውየው ላይ አትፍረዱ። አዳማ ውስጥ አምስት ቀንና አዳር አንድ ላይ ከተጠሩ ስልጠና ነው፤ ስልጠና ካለ አበል አለ። ስንቱ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ጭኖ በፍጥነት መንገዱ ሲወርድ እያየን አይደል የምንኖረው። 2ኛው ምላሽ ግን ፈረደበት። አገሩ ያላደገው እንደ አንተ ባሉ ሰዎች ነው እስከ ማለት ደረሰ። ለአንድ ቃል ጥያቄ ትንሽ በዛ።

3ኛዋ ረጋ ያለች ሴት ናት። መጀመሪያ ለልጁ በርታ አለችው። ቀጥላ ኩዌከር ማን እንደሆነ ለማያውቁት አስረዳች። ጆርጅ ፎክስ የሚባል እንግሊዛዊ፣ የሸማኔ ልጅ፣ እሱም በልጅነቱ ጫማ ሰሪ ዘንድ ሥራ የተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1650ዎቹ ያስነሳው እንቅስቃሴ ነው። ቄስ የላቸውም። ተሰብስበው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ወንድ ይሁን ሴት፣ መናገር አለብኝ ብሎ ከልቡ የተሰማው ይነሳና ይናገራል። ሁሉም ዝም ካሉም ዝም እንዳሉ ያልቃል። ሲያበቃ ሁለት ሽማግሌዎች ይጨባበጣሉ፣ ያኔ ሰው ይነሳል። እኔ ይህን ሳነብ መጨባበጡ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ደወል የለ፣ ቡራኬ የለ። እጅ ለእጅ ብቻ።

4ኛው ምላሽ አራማት፣ በጨዋ ደንብ። ምዕራብ ኬንያ ሥራ ሄዶ አንድ እሑድ ከባልደረባው ጋር ኩዌከሮች ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። ዝምታ አገኛለሁ ብሎ ቁጭ ሲል መዘምራኑ ተነሱ። ከዚያ ሰባኪው። ከዚያ ደግሞ መዘምራኑ። ከሰዓት በኋላ ነው የወጣው። እ.ኤ.አ. በ1902 ሦስት አሜሪካውያን ካይሞሲ ላይ የጀመሩት ሚስዮን ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ፓስተር ካላቸውና ከሚዘምሩት ወገን የመጣ። ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ኩዌከር ያለው ኬንያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኩዌከር ማለት ዝምታ ማለት ነው ብሎ መጀመር ብዙኃኑን ትቶ መጀመር ነው አለ። 3ኛዋም ተመልሳ ትክክል ነህ ወንድሜ አለች። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ መድረክ ላይ በዓመት አንዴ ነው የሚታየው።

5ኛው ስለ ስሙ ነው። ኩዌከር ማለት የሚንቀጠቀጥ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1650 ደርቢ ከተማ ላይ አንድ ዳኛ ፎክስን ሲያላግጥበት ያወጣው ስም ነው። እነሱ ራሳቸውን ወዳጆች ነው የሚሉት። ጠላት ያወጣውን ስም ግን ለብሰውት ቀሩ።

6ኛው ላይ ነገሩ ጠንከር አለ። ጸሐፊው ውጭ አገር የተማረ ይመስለኛል፣ አገባቡ እንደዚያ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በርሚንግሃም ዉድብሩክ የሚባል የኩዌከሮች መማሪያና ማደሪያ ነበረ አለ። ቸኮሌት ሠሪው ጆርጅ ካድበሪ ይኖርበት የነበረው ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ተከፈተ። ተማሪውም ተመራማሪውም እዚያ እያደረ አንድ ማዕድ ይቆርስ ነበር። በ2023 ግን ቤቱን ትተው ወጡ፤ አብዛኛው ትምህርታቸው አሁን በኢንተርኔት ነው። እነሱ ከ120 ዓመት በኋላ ማሳደሩን ከተዉት አንተ አዳማ ላይ ምን ልትጀምር ነው፣ ዙም ክፈትና ጨርስ አለው። ነገሩ እውነት አለው። አባባሉ ግን የሰው ሞራል ይገድላል።

7ኛው መልሶ ገጠመው። አሜሪካ ፔንስልቬንያ ውስጥ ፔንድል ሂል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 የተከፈተ፣ ዛሬም እንግዳ ያሳድራል። ስሙ ፎክስ በ1652 ወጥቶበት ራእይ አየሁ ካለበት የእንግሊዝ ተራራ የተወሰደ ነው። የዉድብሩክ ችግር የትልቅ ቤት ወጪ ነው እንጂ አብሮ የማደር አይደለም አለ። ስድስት ሰው ደግሞ ትልቅ ቤት አያስፈልገውም። ከዚያ ስለ ዙም አንድ ነገር ጨመረ፦ መብራት ሲሄድ የሚዘጋ ጉባኤ ላይ ስንት ጊዜ ተቀምጠሃል?

8ኛዋ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ወሰደችን። ሱባዔ በሉት አለች። እኔ 9ኛ ነኝ። ሱባዔ ጾምና ጸሎት ነው፣ ደግሞም በሰባት ነው የሚቆጠረው፣ አምስት ቀን ሱባዔ የለም ብዬ፣ ጥሞና ይባል አልኩ። በጣም የተራቀቅኩ መስሎኝ ነበር። 10ኛው አፈር አበላኝ። የጥሞና ጊዜ ፕሮቴስታንቶቹ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡበት ነው፣ አንተ ከአንዱ ቤት አውጥተህ ሌላው ቤት ልታስገባን ነው አለኝ። ሪትሪት ቢባልም ያው ነው፣ ዎርክሾፕ ከተባለ ደግሞ 1ኛው ሰውዬ ተመልሶ ይመጣል። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ክሩ ላይ አልጻፍኩም።

11ኛው ምላሽ ረጅም ነው። እኔ እንደ ዋና የምቆጥረውም እሱን ነው። ሰውየው ልጅ ሆኖ የቆሎ ተማሪ ነበር። ጎጃም ውስጥ ጉባኤ ቤት ተቀምጧል። መምህሩ መሀል፣ ተማሪው ዙሪያውን ጎጆ ቀልሶ። ጠዋት ትርጓሜው ይወርዳል። አንዱ ያነባል፣ መምህሩ ይተረጉማሉ፣ ሌላው ያዳምጣል። ማታ ግን ትልቁ ትምህርት የሚሆነው ጎጆ ውስጥ ነው አለ፤ ጠዋት ያመለጠህን ቃል ጓደኛህ እሳት ዳር ያስይዝሃል። ወረቀት የለም። ያመለጠህን የምታገኘው አብሮህ ከሚያድረው ሰው ነው። እና ሰው አንድ ግቢ ውስጥ አድሮ መመራመር ከበርሚንግሃም የመጣ ቅንጦት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ስሙንም እሱ ሰጠ። ጉባኤ በሉት፣ ወይ የጽሕፈት ጉባኤ።

12ኛና 13ኛ ጉባኤ ይሁን አሉ፣ አለፉ።

14ኛዋ ደግሞ የራሷን ታሪክ አመጣች። ውጭ አገር ስትማር የድሮ የኩዌከር ጉባኤ መዝገብ ታነብ ነበር። ኩዌከሮች የወራቱና የቀናቱ የእንግሊዝኛ ስም ከጣዖት የመጣ ነው ብለው በቁጥር ነበር የሚጽፉት። አንደኛው ወር፣ ሁለተኛው ወር። መዝገቡ ላይ የአንድ ሰው መታሰር በሁለተኛው ወር ተጽፏል። መፈታቱ ደግሞ በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ በዚያው ዓመት። እሷ ሁለተኛውን ፌብሩዋሪ ብላ፣ አሥራ ሁለተኛውን ዲሴምበር ብላ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፈች። ግን ከሌሎች ሰነዶች ጋር አልገጥም አላት። ወራት ፈጀባት። በመጨረሻ እንዲህ ተመራማሪዎች አብረው የሚያድሩበት ሳምንት ላይ ተጋበዘች። ምሳ ላይ ሾርባ እየጠጡ ምሬቷን ስታወራ፣ አጠገቧ የተቀመጡ አዛውንት ማንኪያቸውን አስቀመጡና መዝገቡ የስንት ዓመት ነው አሏት። እ.ኤ.አ. ከ1752 በፊት መሆኑን ስትነግራቸው ሳቁ። እንግሊዝ እስከዚያ ድረስ ዓመት የምትቀይረው በማርች 25 ነው። አንደኛው ወር ማርች ነው። ሁለተኛው ኤፕሪል ይሆናል፣ አሥራ ሁለተኛው ደግሞ እኛ በሚቀጥለው ዓመት የምንቆጥረው ፌብሩዋሪ። ምዕራፉ በአንድ ሾርባ ተስተካከለ። ይህን በዙም ማን ይጠይቃል፣ በዙም ላይ ሰው ምሬቱን አያወራም አለች።

ከሥሩ የመጣው 15ኛ ምላሽ ቀለደባት። መስከረም ላይ ዓመት ስንቀይር፣ ሰዓት ከጠዋት ስንቆጥር፣ ቪዛ ላይ የልደት ቀን ስናምታታ ያደግን ሰዎች እንዴት በቀን መቁጠሪያ እንታለላለን አለ። ከዚያ አንድ የሚጥም ነገር ጨመረ። ኩዌከሮቹ እሑድን የመጀመሪያው ቀን ነው የሚሉት። እኛ እኮ ድሮውንም እሑድ ስንል አንደኛ ማለታችን ነው። ሰኞ ከሰኑይ፣ ሁለተኛ። ረቡዕ አራተኛ። ሐሙስ አምስተኛ። ሳናውቀው ግማሽ ሳምንት ኩዌከር ነን አለ።

16ኛው የአዳማ ልጅ ነው። ሩቅ ምን ወሰዳችሁ፣ የድሮውን የኃይለ ማርያም ማሞ ሆስፒታል የከፈቱት ኩዌከሮች አይደሉም እንዴ አለ። 17ኛዋ ወዲያው መለሱለት። ዕድሜያቸው የገፋ መሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፣ ሁሉንም ልጄ ይላሉ። ልጄ፣ እነዚያ ሜኖናይቶች የሚባሉ ሌሎች ክርስቲያኖች ናቸው አሉት። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ በኛ አቆጣጠር፣ ናዝሬት ላይ ሆስፒታሉን የጀመሩት እነሱ ናቸው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከእነሱ ሥራ የወጣች ናት። የእሳቸው አባት እዚያው ሆስፒታል ድሬሰርነት፣ ማለትም የሕክምና ረዳትነት፣ ተምረዋል። የጥጥና የአዮዲን ሽታ ያለው ነጭ ጋውን በር ላይ ተሰቅሎ ያስታውሳሉ፤ ልጆች እንዳይነኩት። ሁለቱን ሰው የሚያምታታቸው ሁለቱም ጦር አናነሳም ስለሚሉ ነው አሉ። በመሀል አንድ ሰው ናዝሬት አይበሉ እናቴ፣ አዳማ ነው ብሎ ገባ። እሳቸውም ያኔ ናዝሬት ነበር ልጄ ብለው አለፉት። ደግነቱ ክርክሩ እዚያው ቆመ።

18ኛው ደረቅ እርማት ነው ግን ያስፈልጋል። የአምቡላንስ ክፍሉ የኩዌከሮች ማኅበር ኦፊሴላዊ ክንድ አልነበረም። ኩዌከሮች መሠረቱት፣ እ.ኤ.አ. በ1914 መጀመሪያ፣ ከዚያ በ1939 እንደገና። ውስጡ ኩዌከር ያልሆኑ ብዙ ነበሩ። መዛግብቱ ለንደን በኩዌከሮቹ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1947 የኖቤል የሰላም ሽልማት የወሰዱትም ሌሎች ናቸው፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ኩዌከሮች የአገልግሎት ድርጅቶች። ልጁ ጽሑፉ ላይ ይህን እንዳያቀላቅል አስጠነቀቀው። ልጁም አመሰገነ።

ከዚያ 19ኛ መጣ። ይህ ሁሉ ምርምር ሽፋን ነው፣ በሻይ ይጀምራል በስብከት ያልቃል፣ ልጆቻችንን ተዉልን የሚል ነው። 20ኛው የክሩ ባለቤት ነው። የደብር አለቃ ልጅ ነኝ፣ እሑድ የት እንደምቆም ሰፈሬ ያውቃል፣ የማጠናው የጭነት መኪና ሲነዱ የነበሩ ልጆችን ነው አለ። በትህትና። 21ኛው ግን ትህትና አላወቀም። ፖርቱጋሎችን ያጠና ሁሉ ካቶሊክ ሆኖ ቢሆን ኖሮ የታሪክ ትምህርት ክፍል በሙሉ ሮም ነበር አለ። እኔ ሳቅኩ። ከሥሩ ሁለት ስድብ ነበር፤ አወያዩ አጠፋቸው።

22ኛዋ ተርጓሚ ናት። ክሩን ያዳነችውም እሷ ናት። የፎክስን ታሪክ ስትተረጉም የገጠማትን አመጣች። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ለአንድ ተራ ሰው አንተ የሚል ቃል ነበረው፣ ለትልቅ ሰው ደግሞ የብዙ ቁጥሩ። ልክ እንደ አንተና እርስዎ። ኩዌከሮች ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ዳኛውንም ሹሙንም አንተ አሉ። ተመቱበት፣ ታሰሩበት። የዛሬው እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት ስለጣለው ፈረንጁ አንባቢ ድፍረቱ አይሰማውም። አማርኛ ግን አልጣለውም። ፎክስ ዳኛው ፊት ቆሞ አንተ ሲል በአማርኛ ስትጽፈው እጅህ ይንቀጠቀጣል አለች። ቀጥላም እግዚአብሔርን አንተ እያልን እንጸልያለን፣ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ግን እርስዎ እንላለን፤ ይህን እያየ የኩዌከር ጥናት ለኢትዮጵያዊ ሩቅ ነው የሚል ሰው ካለ ይምጣ አለች።

23ኛው አንድ አዛውንት ናቸው። ጥናት ይሁን ጉባኤ፣ የልጅ ልጄ የሚያህል ልጅ አንተ ቢለኝ ተነስቼ ነው የምሄድ አሉ። 24ኛ ላይ የክሩ ባለቤት ሞኝነት ሠራ። እንግዲያው አምስቱን ቀን ለሙከራ ሁላችንም አንተና አንቺ እንባባል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ግርግር ሆነ። 25ኛዋ ግን የገባችበት በር ሌላ ነው። እኔን ማንም ሙከራ ሳይጠራ አንቺ ይለኛል አለች። ባንክ መስኮት ላይ ከእኔ በዕድሜ የሚያንሰው ወንድ እርስዎ ሲባል እኔ አንቺ ነኝ። ስለዚህ ሙከራው ለእናንተ ነው እንጂ ለእኔ የለመድኩት ኑሮ ነው። ማርጋሬት ፌል እ.ኤ.አ. በ1666 እስር ቤት ሆና ሴት በጉባኤ የመናገር መብት አላት ብላ እንደጻፈችም አስታወሰች። ማንም አልመለሰላትም። መልስም የለውም።

26ኛው የእድር ጸሐፊ ነው። ኩዌከሮች ድምፅ አይሰጡም ሲባል ሰምቶ ነው የመጣው። እዚያ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን እዚያው ስብሰባው ላይ ይጽፋል፣ ያነባል፣ ሁሉም ይሁን እስኪሉ ድረስ ያስተካክላል። እኛ እድር ላይ ይህን ብናደርግ ድንኳን ለመግዛት ብቻ እናድር ነበር አለ። 27ኛው ጠበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1670 ለንደን ላይ ኩዌከሩ ዊልያም ፔን በመንገድ ላይ ሰብኮ ሲከሰስ ጥፋተኛ አንልም ያሉትን የዳኝነት ሸንጎ (ጁሪ) አባላት እንዴት እንዳሰሯቸውና በኋላ ሸንጎ በፍርዱ እንደማይቀጣ እንዴት እንደተወሰነ ተረከ። ጥሩ ታሪክ ነው፣ ቦታው አልነበረም።

ከ28 እስከ 30 ስለ ቦታ ነው። አንዱ ሶደሬ አለ፤ ዋና ዋኝታችሁ ትመለሳላችሁ እንጂ አትጽፉም ተባለ። አንዷ ወንጂ አለች፣ ጸጥ ይላል፣ ዛፍ አለው። አንዱ ግንቦት ላይ እንዳታስቡት አለ፤ ላፕቶፑም እናንተም ትቀልጣላችሁ።

31ኛው ሰውዬ ርዕሱን ብቻ አይቶ የገባ ነው። ኩዌከር ስንት ደቂቃ ይቀቀላል አለ። ከዚህ በኋላ ዘጠኝ ምላሽ አጃ ነው። የአርሲ አጃ ይሻላል፣ በወተት ነው፣ በጾም በውሃ ነው፣ ሎሚ ይጨመርበታል፣ ማን ሎሚ ይጨምራል። አንድ ሰው ብቻ በመሀል ቁም ነገር ጣል አደረገ፤ የአጃው ድርጅት ስሙን እ.ኤ.አ. በ1877 አስመዘገበ እንጂ ከእምነቱ ጋር ዝምድና የለውም።

41ኛ ላይ ልጁ ተመልሶ ዕቅዱን አስተካክሎ ጻፈ። ስሙ የጽሕፈት ጉባኤ። ስድስት ሰው፣ አምስት ቀን፣ ኅዳር፣ ወንጂ በኩል። ሰነድ ሁሉ አስቀድሞ ፍላሽ ላይ ይገለበጣል። ጠዋት ማንም ማንንም አያናግርም። ምሳ ግን ብቻውን የሚበላ የለም፤ ይህን ደንብ ከ14ኛዋ ሾርባ ወሰድኩት አለ። አንተ የመባባሉን ነገር ትቶታል። አበልም የለም።

42ኛዋ እኚያ የድሬሰሩ ልጅ ናቸው። አባታቸው ሲማሩ የጻፉበት የኮርስ ደብተር ሣጥን ውስጥ አለ። ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ ዳሩ ላይ በአማርኛ የተጻፈ አለበት፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ተቀላቅሏል። ኩዌከር ባይሆንም የዚያ ዘመን ነው፣ አይታችሁት ከጠቀማችሁ አሉ። ከግቢ ግን አይወጣም፤ እዚሁ ቡና እየጠጣችሁ ነው የምታነቡት። ደግሞ እትዬ ነው የምትሉኝ።

ልጁ እሺ እትዬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ ብሎ ጻፈ።